ድንጋዩ የሚያበራበት ወቅት

«መቼ ብንመጣ ይሻላል?» ለሚሉ ሁሉ መልስ መስጠት የእሷ ሥራ ነበር። የጎብኚዎች ቢሮ በአሮጌው ከተማ በር አጠገብ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ስልኩ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። አንዱ ደዋይ ሙቀት አይችልም። ሌላው ልጆቹን ይዞ ነው የሚመጣው። አንዷ ደግሞ ጉልበቷን ያማታልና ደረጃው ሲረጥብ ያዳልጥ እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። እሷ ለእያንዳንዱ እንደ ጉልበቱና እንደ ልቡ ወቅት ትመርጥለታለች። ሰው ፊት ለፊት ሲያናግራት ዓይኗ መሬት ይፈልጋል፣ ድምፅዋም ወደ ውስጥ ይገባል። በስልክ ግን ስለ ጥላውና ስለ ነፋሱ፣ በማለዳ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ስለሚቆመው ግንብ ስትናገር፣ ደዋዮቹ አይተውት የመጡ ያህል እየረኩ ይዘጋሉ።

አክስቷም በስልክ የጠየቀቻት ይህንኑ ነበር። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻትም እሷ ናት። ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት፣ ዓመቱ ካለፈ የቀን መቁጠሪያ ላይ የተቀደደ የአሮጌው ከተማ ሥዕል ተለጥፏል፤ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ዓይኗ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

«ለአገሩ ሁሉ ወቅት የምትመርጪ አንቺ ነሽ አሉ» አለቻት። «ለእኔስ መቼ ይሻለኛል፣ ሚጣ?»

እውነተኛውን መልስ ታውቀዋለች። ዝናቡ እንዳበቃ፣ ኮረብታው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ግን በዚያ ወቅት ጎብኚ ይጎርፋል፤ አከራይዋ ክፍሏን ለእንግዶች ትሰጥባትና እሷ ከአከራይዋ ልጅ ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ ታድራለች። ያኔ እንኳን እንግዳ ልትቀበል እሷም በቤቷ እንግዳ ናት። አክስቷ ይህን እንድታይ አልፈለገችም። ክፍሏን፣ መስኮቷን፣ በወጉ የተነጠፈ አልጋዋን ነበር ልታሳያት የፈለገችው። «ልጄ ሰው ሆናለች» ብላ እንድትመለስ።

«አሁን ነይ» አለቻት። «አሁን ነው ደጉ ጊዜ።»

የበጋው አጋማሽ ነበር። በዚያ ወቅት ውሃ እሷ እስከምትኖርበት ላይኛው ሰፈር አይወጣም። ይህን ግን አልነገረቻትም። አልዋሸችም፤ ብቻ አልተናገረችም። ለደዋዮቹም ነግራ አታውቅም፤ ሆቴሎቹ ትልልቅ ጋን ስላላቸው የሚነገር ነገር አይደለም። ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ የምትኖርበት ሰፈር ከምታስጎበኘው ከተማ ውጭ የሆነ መሰላት።

በዚያው ሰሞን አለቃዋ፣ ሆቴሎቹ በበጋ ባዶ መሆናቸው አሳስቦት፣ ሰው በበጋም እንዲመጣ የሚጋብዝ ባለ ሥዕል ወረቀት ይዘጋጅ አለ። ፎቶ አንሺው ያነሳውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከተማው አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ግንቡም፣ ድንጋይ የተነጠፈው የአደባባዩ ሜዳም፣ ሰማዩም አንድ መልክ። ሁሉም ዝም ብሎ ሲያይ፣ በስብሰባ ላይ አፏን ከፍታ የማታውቀው ልጅ ተናገረች። አንድ ጠዋት ጽዳት ሠራተኛዋ የባልዲዋን እጣቢ ሜዳው ላይ ደፍታው ነበር። ውሃው የነካው ድንጋይ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ጥቁር ሆኖ አበራ፤ የግንቡ ቅስትም ተገልብጦ ውስጡ ታየ።

«ድንጋዩ ቢረጥብ» አለች።

ፎቶ አንሺው ጠረጴዛውን መታ። አለቃው ዞሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። «ዝምተኛ ሰው መፍራት ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው» አለና ሳቀ። በዚያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ጉንጯ እንደ ጋለ ነበር። የውሃ ቦቴ ታዘዘ።

አክስቷ የደረሰችው ከፎቶው ቀን በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ ነው፤ አንድ ሻንጣና በወረቀት የተጠቀለለ ቀሚስ ይዛ። ቀሚሱ ለእሷ የተሰፋ ነበር። ልኳን ሳትጠይቅ ሰፍታው ልክ ሆነ። ክፍሉን አየች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ አልጋውን በመዳፏ ዳበሰች። «ጥሩ ነው» አለች፤ ከአክስቷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ከዚያ የመንገዱን አቧራ ልትታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ሄደች።

ቧንቧው እንደ ሽማግሌ አሳለ፤ ምንም ግን አልተፋም።

«ዛሬ ነው እንግዲህ የጠፋው» አለች ልጅቷ ከኋላዋ።

አክስቷ በየበሩ ሥር የተደረደሩትን ጀሪካኖች አየች። ከክፍሉ ጫፍ ሆና የጠመመ ስፌት የምትለይ ሴት ናት። በአንድ ኩባያ ውሃ ፊቷንና እግሯን አዳረሰች፤ ልጅቷ ሁለተኛ ልትቀዳላት ስትል «በቃኝ፣ ሙሽራ ነኝ እንዴ?» ብላ ኩባያውን ደፋችው። ልጅቷ ቧንቧውን ደጋግማ ስትከፍትና ስትዘጋ፣ ትከሻዋ ሲወርድ፣ አክስቷ ከበሩ ላይ ቆማ አየቻት።

ጠዋት አደባባዩ ላይ የፎቶ ሥራ እንዳለባት፣ እኩለ ቀን ላይ መጥታ ከተማውን እንደምታዞራት ነገረቻት። ስለ ቦቴው አላነሳችም።

ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር። የታችኛው በር ለቦቴ ይጠባል። ስለዚህ ቦቴው ወደ አደባባዩ የሚሄደው በላይኛው ሰፈር በኩል፣ በየሰዉ ደጃፍ እያለፈ ነው። የማታውቀውን ሰው ጉልበት ሳይቀር የምታስብ ልጅ ይህን አላሰበችም።

አደባባዩ ላይ ፎቶ አንሺው መሰላል ላይ ወጥቷል። አለቃው በጥላው በኩል ቆሟል። ሰው እንዳይገባ ገመድ ተወጥሯል። የቦቴው ሹፌር ረዳት ቱቦውን ይዞ፣ ከየት ልጀምር እንደሚል ሰው ወደ እሷ ያያል። በጣቷ አሳየችው። ውሃው ሲዘረጋ ድንጋዩ መጀመሪያ አቧራውን ተፋ፤ ቀጥሎ ጠቆረ፤ ከዚያ አበራ። ቅስቶቹ አንድ በአንድ ወደ ታች በቀሉ። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምታየው። ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን በኋላ መካድ አልቻለችም።

ከዚያ ድምፁን ሰማች። ባዶ ጀሪካን ከባዶ ጀሪካን ጋር ሲጋጭ የሚሰጠውን ድምፅ፣ በዚያ ሰፈር የኖረ ሰው በእንቅልፉም አይስተውም።

በትልቁ ቅስት ሥር መጡ። ከፊት ጋሽ ወረፋ ነበሩ፤ በታችኛው ሰፈር ፓምፕ ላይ ተራ ስለሚያስከብሩ ይህ ስም ወጥቶላቸው የራሳቸው ስም ተረስቷል። ከእሳቸው ጎን፣ ለመንገድ የለበሰችውን ደህና ቀሚስ እንደለበሰች፣ የአከራይዋን ቢጫ ጀሪካን ይዛ አክስቷ ነበረች።

በኋላ ከአከራይዋ እንደሰማችው፣ ቦቴው በሰፈሩ ሲያልፍ ሰዉ ማን እንደላከው ጠየቀ፤ ሹፌሩም የጎብኚዎች ቢሮ ነው ያዘዘኝ አለ። ይኼኔ አክስቷ ከበሩ ላይ ተነሳች። ልጄ እዚያ ነው የምትሠራው፣ ትናንት ስለ ውሃው እንዴት እንደተጨነቀች በዓይኔ አይቻለሁ፣ እሷ ናት ያስላከችላችሁ አለች። መንገዱን ሁሉ ይህን ስታወራ ነበር የመጣችው።

ልጅቷ ወደ ገመዱ ሄደች። አንዲት አሮጊት እጇን ይዘው መረቋት። «ጥማችንን ያየሽ ልጅ፣ ዓይንሽን ክፉ አይንካው» አሏት። ሌላዋ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። አክስቷ እነዚህን ሁሉ አሳልፋ፣ ፊቷ እንደ በራ፣ ሥራ ላይ ያለን ሰው እንደማታስቸግር ሰው በዝግታ ጠየቀቻት።

«የት ጋ እንሰለፍ፣ ሚጣ?»

ያን ጊዜ መናገር ይቻል ነበር። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ ለእናንተ አይደለም ማለት። ልጅቷ የአክስቷን ፊት አየች።

«እዚህ ገመዱ ጋ ጠብቁ» አለች። «ፎቶው እስኪያልቅ ነው።»

ሐሰት እንዳይሆን ወዲያው ወደ ሹፌሩ ሮጠች። የቦቴው ግማሽ ገና አለ። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ እግሩን አንጠልጥሎ ዳቦ እየበላ ነበር። «ድንጋይ አጠጣ ካሉኝ አጠጣለሁ፣ ሰው አጠጣ ካሉኝም አጠጣለሁ» አላት። «ለእኔ ያው ውሃ ነው።» ወደ አለቃው ሄደች። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ሰዎቹን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ፎቶው ከተሳካ የተረፈውን ብትሰጣቸው ቅር እንደማይለው ነገራት።

«መሳካቱን ግን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ» አለ። «ሃሳቡም ዓይኑም ያንቺ ነው።»

ተመልሳ ለአክስቷ ምልክት ሰጠቻት፤ ጥቂት ጠብቁ የሚል። አክስቷም ለሰዉ አስተላለፈች።

ፀሐይዋ ግን ከፍ እያለች ነበር። ድንጋዩ ውሃውን ይጠጣል፤ ፎቶ አንሺው መሰላሉን ሳያንቀሳቅስ አንዱ ጥግ ይደርቃል። ረዳቱ ዳግመኛ አርከፈከፈ። ጋሽ ወረፋ ጀሪካኖቹን በመስመር አስይዘው፣ ቀድሞ የመጣውን ከኋላ የመጣው እንዳይበልጠው እየተቆጣጠሩ ነበር።

«ዘንድሮ ከድንጋይ ኋላ ተሰለፍን» አሉ። «እሱ ደግሞ ጀሪካን የለው፣ መቼ ሞልቶ ያበቃል?»

ሰዉ ሳቀ። የመጀመሪያው ሳቅ የምር ሳቅ ነበር። ውሃው እየፈሰሰ ሲሄድ ሳቁ አነሰ። አንዱ «ይኼ ነገር ለእኛ ነው ብላችሁ ነው?» አለ። አክስቷ መለሰችለት። ድምፅዋ እስከ ቱቦው ድረስ ይሰማ ነበር።

«ልጄ ጠብቁ ብላለች። ልጄ ካለች ይደርሰናል።»

ፎቶ አንሺው ከመሰላሉ ወርዶ ልጅቷን ጠራና በካሜራው መስኮት ያነሳውን አሳያት። ያማረ ነበር። ሜዳው የረጋ ሐይቅ መስሏል፤ ግንቡ ራሱን እያየ የቆመ ይመስላል። ከየትም አገር ሰው ነቅሎ የሚያስመጣ ሥዕል ነበር። አለቃው ከትከሻዋ በላይ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። በቃ፣ ሆኗል ማለት ብቻ ነበር የቀራት።

«የግራው ቅስት እግር ደርቋል» አለች።

እውነት ነበር። ከሥዕሉ ጥግ አንዲት ግራጫ ነገር፣ አዲስ ልብስ ላይ የተለጠፈች እራፊ የምታክል፣ ዓይኗን ወግታት ነበር። ቃሉ ከአፏ የወጣው ስለ ሰዎቹ ከማሰቧ በፊት ነው። አለቃው እጁን አነሳ፤ ረዳቱ ቱቦውን ወደ ግራ አዞረ። ተው ልትል አፏን ከፈተች። ውሃው ግን ሲወጣ ማማር ጀምሮ ነበርና፣ አፏ እንደ ተከፈተ ቀረ።

ቱቦው ተንተፋተፈ፣ ቀጠነ፣ አየር ተፋ። ሹፌሩ ወርዶ የቦቴውን ሆድ በቡጢ መታው፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። መሰላሉ ላይ ካሜራው ጠቅ አለ።

«አሁን ሆነ» አለ ፎቶ አንሺው።

ሆኖም ነበር። ሄዳ አየችው፤ ግራጫዋ እራፊ ጠፍታለች። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ረካች። ከዚያ ቀና ስትል፣ ከረጠበው ድንጋይ ማዶ፣ ሁሉም ቆመው እያዩዋት ነበር።

ጋሽ ወረፋ ኮፍያቸውን አውልቀው ለሜዳው እጅ ነሱ። «ጠጥታችሁ እደሩ» አሉት ድንጋዩን። ማንም አልሳቀም። ልጅ ያዘለች ሴት ወደ አክስቷ ዞረች።

«ያንቺ ልጅ ናት ያልሽን?»

አክስቷ በሜዳው ላይ አሻግራ ልጅቷን አየቻት። ረጅም አልነበረም፤ አንድ ሰው የሚናገር ከሆነ የሚናገርበት ያህል ጊዜ ነበር። ልጅቷ በእሷ በኩል የተወጠረውን ገመድ በእጇ እንደ ያዘች ቆማለች። አክስቷ ጠበቀች፣ ጠበቀችና ፊቷን ወደ ሰዉ መለሰች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ውሃው ለፎቶ ነው ብላኝ ነበር። ከራሴ ጨምሬ አወራሁባችሁ። ይቅር በሉኝ።»

ይህች ሴት እጅጌ ከጠመመባት ጨርቁ ነው ብላ ለደንበኛ የምታሳብብ አልነበረችም፤ ሙሉውን ፈታ እንደገና ትሰፋዋለች እንጂ። ልጅቷ አብራት ባደገችበት ዘመን ሁሉ ስትዋሽ ሰምታት አታውቅም። አሁን በሰው አገር፣ በማታውቃቸው ሰዎች ፊት፣ ባዶ ጀሪካን ይዛ ስትዋሽ ሰማቻት። አላረመቻትም። አንገቷን ደፍታ ገመዱን መጠቅለል ጀመረች። ማንም ጠቅልይ ያላት አልነበረም።

ሰዎቹ ሄዱ። ባዶ ጀሪካኖቹ ሲመለሱ ከመምጣታቸው ይልቅ ይጮሁ ነበር። ልጅ ያዘለችው ሴት ወደ ኋላ ቀረት ብላ፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል በተቋጠረው ውሃ የነጠላዋን ጫፍ አርጥባ የልጇን ፊት ጠረገችና ተከተለቻቸው።

አለቃው በጣም ጎበዝ አላት።

እኩለ ቀን ላይ ቤት ስትደርስ ክፍሏ ባዶ ነበር። አልጋው ተነጥፏል፤ ሻንጣው ግን በቦታው አለ፤ እሱን አይታ ነው የተነፈሰችው። የአከራይዋ ልጅ በራፉ ላይ ፀጉሯን እየፈታች ነበር። አክስቷ ከአከራይዋ ጋር ወደ ታች ፓምፕ እንደወረደች ነገረቻት። እኔ ልሂድልዎ ብትላት አክስቷ፣ የሰው ውሃ እየተጠቀምኩ እንግዳ ነኝ ብዬ አልቀመጥም አለች። ይህን ስትናገር የአከራይዋ ልጅ ቀና ብላ አላየቻትም።

ትንሿን ጀሪካን አንስታ ወረደች። ደረጃውን ስትወርድ እግሯ ይከብዳት ነበር። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘግታ አክስቷን እዚያው ብትጠብቃት ማንም አይጠይቃትም። አክስቷም አታነሳባትም፤ ያን ውሸት እንደ ቀሚሱ ሰፍታ ሰጥታታለች፣ ልክ ሆኖላታል፤ ዕድሜ ልኳን ልትለብሰው ትችላለች። እንዲህ እያሰበች ታች ደረሰች።

ሰልፉ በግንቡ ጥላ ሥር ተጠማዞ ነበር። አክስቷና አከራይዋ ከፓምፑ ብዙም አይርቁም፤ ጀርባቸው ነው የሚታየው። ልጅቷ መጨረሻ ላይ ቆመች። ጋሽ ወረፋ አዩዋት።

«ዝናብ መጣች» አሉ። «ልብስ ያሰጣ ሰው ያስገባ።»

አሁን ተሳቀ። ጠዋት እጇን ይዘው የመረቋት አሮጊትም ሳቁ። የአክስቷ ጀርባ አልተንቀሳቀሰም።

ከፊቷ የቆመችው ያቺው ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። ልጅቷ ለሴትዮዋ ትከሻ ተናገረች፤ በስልክ በምትናገርበት ድምፅ ልትናገር ሞክራ፣ የወጣው ግን ሌላው፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ነበር። አክስቷ ከራሷ ምንም እንዳልጨመረች፣ ስለ ቦቴው እንዳልነገረቻት፣ ድንጋዩ ይርጠብ ያለችው እሷ እንደሆነች፣ መጨረሻውንም ያስፈሰሰችው እሷ እንደሆነች ነገረቻት።

ሴትዮዋ ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ጮክ በይዋ» አለች። «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ውሃ የጠማኝ?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ሰልፉ ረጅም ነው። ሁሉም ጀርባ ነው። አንድ ቃል ሳትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ያም ይበልጥ አሳፈራት። ሴትዮዋ ተነፈሰች፣ የታዘለውን ልጅ ወደ ላይ አስተካከለችና ከፊቷ ያለውን ሰው ትከሻውን ነካችው።

«ድንጋዩን ያጠጣሁት እኔ ነኝ ትላለች» አለችው። «አክስቷ የዋሸችው ለእሷ ስትል ነው።»

ሰውየው ከፊቱ ላለችው ነገረ። እሷም ወደ ፊት አቀበለች። ወሬው ወደ ፓምፑ እየሄደ፣ ራስ ከራስ በኋላ ወደ እሷ ይዞራል፣ አይቷት ይመለሳል። አንዱ ማን ጠየቃት አለ። አንዷ እሰይ፣ ይበላት አለች። አሮጊቷ ብዙ አዩዋት። ልጅቷ እያንዳንዱን ዓይን ቀና ብላ መቀበል አልቻለችም፤ ከቦታዋ ግን አልሄደችም። ጋሽ ወረፋ ጋ ሲደርስ ቀልድ ይወጣዋል ብላ ጠበቀች። ሰሙት፣ ጢማቸውን አሹት፣ ተራ የሳተ ጀሪካን አይተው ወደዚያ ሄዱ።

አከራይዋ ወደ አክስቷ ጆሮ ስታዘነብል አየቻት።

አክስቷ አልዞረችም። ተራዋ ደርሶ ነበር። የፓምፑን እጀታ ይዛ፣ መርገጥ እንደለመደችው የስፌት መኪና በአንድ ልክ፣ ሳትቸኩል ወደ ታች ገፋች፣ ሳበች፣ ገፋች፤ ጀሪካኑ እስኪሞላ። ክዳኑን አጠበቀች። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ጀሪካኑን አንስታ በሰልፉ ጎን ጎን፣ ሰዉ ሁሉ እያያት፣ ወደ ኋላ መጣች።

እሷ ጋ ስትደርስ ሸክሙን እጅ ልትቀይር አስቀመጠችው። ልጅቷ ልታነሳላት ጎንበስ አለች፤ አክስቷ ግን እጇን በእጀታው ላይ ቀድማ አሳረፈች።

«ወረፋሽን ጠብቂ» አለቻት። ቀጥሎ፣ ጀሪካኑን አንስታ፣ «እኔ ቤት አለሁ።»

ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ከፊት ያለችው ሴት ጀሪካኗን በእግሯ ወደ ፊት ገፋ አደረገች። ልጅቷም ገፋች።